ተጫዋቹ ሚስቱን መታ ሲባል ሊጉ ምን ያደርጋል?

ሁለት ጨዋታ። የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ በ2014 ጁላይ ላይ ሬይ ራይስን የቀጣው በዚህ ነበር። ራይስ በሆቴል ሊፍት ውስጥ እጮኛውን በቡጢ መትቶ ራሷን አስቷታል። በወሩ ጆሽ ጎርደን የሚባል ሌላ ተጫዋች በማሪዋና ምክንያት አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ታገደ። ሰው ሁለቱን ቅጣቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ "ኧረ እንዴት ነው ነገሩ?" አለ።

ጥያቄው እስከ ዛሬ አልቆመም። አንዱ ክስ እንኳ ሳይመሠረትበት ስድስት ጨዋታ ይታገዳል። ሌላው በፍርድ ቤት ክሱን አልከራከርም ብሎ ተፈርዶበት፣ አሥር ጨዋታ ብቻ ቀርቶ ይመለሳል። አንዱን ክለቡ በሰዓታት ውስጥ ያሰናብተዋል። ሌላውን አዲስ ክለብ በሚሊዮኖች ያስፈርመዋል። ከውጭ ለሚያይ ሎተሪ ይመስላል። ውስጡን ሲያዩት ግን የራሱ አሠራር አለው። ጥሩ አሠራር ነው እያልኩ አይደለም።

ከመቀጠሌ በፊት፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሊግ ፍርድ ቤት አይደለም

አንድ ተጫዋች ሚስቱን ወይም ፍቅረኛውን ደበደበ ሲባል ጉዳዩ በሦስት መንገድ ይሄዳል። በአንድ በኩል ፖሊስ፣ ዓቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት አሉ። በሌላ በኩል ደመወዙን የሚከፍለው ክለብ አለ። ከክለቦቹ በላይ ደግሞ ሊጉ አለ። ሦስቱ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ አይደለም። ፍርድ ቤቱ "ወንጀል መሥራቱ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ተረጋግጧል ወይ?" ይላል። ሊጉ "የሥነ ምግባር ደንባችንን ጥሷል ወይ?" ይላል። ክለቡ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ "ይህን ልጅ ይዘን ብንቀጥል ይጠቅመናል ወይስ ያዋርደናል?" ይላል።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው። "ፍርድ ቤት ነፃ ያወጣውን ሊጉ በምን ሥልጣኑ ይቀጣዋል?" ይባላል። ሊጉ የሚቀጣው እንደ አሠሪ ነው። ባንክ ውስጥ ገንዘብ ጎደለ እንበል። ባንኩ ገንዘብ ያዡን ከመስኮቱ ለማንሳት የፍርድ ቤት ውሳኔ አይጠብቅም። በራሱ ይመረምራል፣ ከምርመራው ተነስቶ ይወስናል፣ ሠራተኛው ቅር ካለው በማኅበሩ በኩል ይከራከራል። ፍርድ ቤት በኋላ "ማስረጃው አልበቃም" ቢል እንኳ የባንኩ ውሳኔ የግድ አይሻርም። የማስረጃው ሚዛን የተለያየ ነዋ። ሰው እስር ቤት ለመላክ የሚያስፈልገው ማስረጃና ሰው ከሥራ ለማገድ የሚበቃው ማስረጃ እኩል አይደለም። ለሊጉ "ሆኗል" ወደሚለው ያደላ፣ የሚታመን ማስረጃ ይበቃዋል።

በሌላ በኩል ሊጉ ፖሊስ ያለው ሥልጣን የለውም። ሆቴሉን "የካሜራ ቅጂህን አምጣ" ብሎ ማስገደድ አይችልም። ሴትየዋን ጠርቶ ቃል እንድትሰጥ ማዘዝ አይችልም። ማዘዝ የሚችለው ተጫዋቹን ብቻ ነው። ስለዚህ ለመቅጣት ፈጣን፣ ለመመርመር ደካማ የሆነ ዳኛ ነው ያለን። የሚከተለው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

የሊፍቱ ቪዲዮ

የራይስን ታሪክ ዘርዘር አድርጎ ማየት ይጠቅማል። ዛሬ ያሉት ደንቦች አብዛኞቹ የተወለዱት ከእሱ ጉዳይ ነውና።

ራይስ የባልቲሞር ሬቨንስ ተጫዋች ነበር። ኳስ ይዞ የሚሮጥ፣ በ2013 መጀመሪያ ከክለቡ ጋር የሊጉን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ያነሳ፣ የ35 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ያለው ኮከብ። በ2014 ፌብሩዋሪ 15 ሌሊት አትላንቲክ ሲቲ በሚገኝ የቁማር ቤት ሆቴል ከእጮኛው ጋር ተጣላ። ከአራት ቀን በኋላ ቲኤምዜድ የተባለው የዝነኞች ወሬ ድረ ገጽ አንድ ቪዲዮ አወጣ። የሊፍቱ በር ይከፈታል፤ ራይስ ራሷን የሳተችውን ሴት እየጎተተ ያወጣታል። ውስጥ የሆነው አይታይም።

እንግዲህ አስቡት። የሳተች ሴት ትታያለች። የሚጎትታት እሱ ነው። ከሁለቱ በስተቀር ሊፍቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ክለቡ ግን ከጎኑ ቆመ። ሁለቱ በማርች መጨረሻ ተጋቡ። ዓቃቤ ሕግ ክስ ቢመሠርትም፣ ሥልጠናና ክትትል ከጨረሰ ክሱ የሚሰረዝበት ፕሮግራም ውስጥ እንዲገባ ተፈቀደለት። በሜይ ወር ክለቡ ባልና ሚስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ጋዜጣዊ መግለጫ ሰጠ። በክለቡ የትዊተር ገጽም ሚስቱ በዚያች ሌሊት ለነበራት ድርሻ በጣም እንደምትጸጸት ተጻፈ። የተመታችው ናት ይቅርታ የጠየቀችው። ጽሑፉ ከወራት በኋላ፣ ነገሩ ሲገለበጥ፣ ከገጹ ተነሣ።

ቀጥሎ የሊጉ ኮሚሽነር ሮጀር ጉዴል ራይስን ጠርተው አነጋገሩ። ሚስቱም እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ባሏና የክለቡ ሹማምንት ባሉበት ተቀምጣ ነበር። በቤት ውስጥ ጥቃት ጉዳይ ላይ የሠራ ማንኛውም ሰው ሁለቱን አብሮ መጠየቅ እንደማይገባ ይነግራችኋል። መትቷታል የተባለው ሰው አጠገቧ ተቀምጦ፣ የቤቱ ገቢ በሙሉ በዚያ ስብሰባ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሴትየዋ ምን ትበል? ሁለት ጨዋታ የተወሰነው ከዚህ በኋላ ነው።

ጩኸቱ በረታ። ጉዴል ኦገስት 28 ላይ ለክለብ ባለቤቶች ደብዳቤ ጽፈው ውሳኔያቸው ትክክል እንዳልነበረ አመኑ። አዲስ ደንብም አወጡ፤ ለመጀመሪያ ጥፋት ያለ ደመወዝ ስድስት ጨዋታ፣ ለሁለተኛ ጥፋት ከሊጉ መባረር። የተባረረው ከዓመት በኋላ እንዲመለስ ማመልከት ይችላል።

በሴፕቴምበር 8 ቲኤምዜድ ሁለተኛውን ቪዲዮ ለቀቀ። ይኼኛው ከሊፍቱ ውስጥ ነው። ቡጢው ይታያል። በዚያው ቀን ሬቨንስ ኮንትራቱን ቀደደ፤ ሊጉ ደግሞ ላልተወሰነ ጊዜ አገደው። ብዙም ሳይቆይ ክለቡ የራይስን ማሊያ ለሚመልስ ሌላ ማሊያ እሰጣለሁ አለና በሺዎች የሚቆጠር ሰው በባልቲሞር ስታዲየም ተሰለፈ። በፌብሩዋሪና በሴፕቴምበር መካከል ግን ድርጊቱ ላይ የተጨመረ ነገር አልነበረም። የተጨመረው ሕዝቡ ያየው ነገር ነው።

መጨረሻው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ራይስ ይግባኝ አለ። ጉዳዩን የቀድሞ የፌዴራል ዳኛ ባርባራ ጆንስ ተመለከቱትና በኖቬምበር መጨረሻ እገዳውን ሰረዙት። ራይስ ለኮሚሽነሩ አልዋሸም፤ ሊጉ ምን እንደተፈጠረ ያውቅ ነበር፤ በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ መቅጣት ደግሞ አይቻልም አሉ። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል እንደሚባለው ነው። በ2015 ጃንዋሪ የወጣው የቀድሞው የኤፍቢአይ ኃላፊ ሮበርት ሙለር ሪፖርትም ሊጉ የውስጡን ቪዲዮ አስቀድሞ ለማየቱ ማስረጃ አላገኘም። ነገር ግን በእጁ የነበረው መረጃ ብቻ ጠለቅ ብሎ እንዲመረምር ሊያነሳሳው ይገባ ነበር ብሏል።

ራይስ በሕግ አሸነፈ። የ27 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ክለብ አላስፈረመውም፤ በሊጉ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። ለምን? ቪዲዮው አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን ብዙም አይነገርም። በ2013 የውድድር ዘመን አቋሙ ወርዶ ነበር። ይህን ነገር ያዙት፤ እመለስበታለሁ።

ደመወዝ ያለው ዕረፍት

ክስ ሲሰማ መጀመሪያ የሚመጣው ቅጣት ሳይሆን ማቆያ ነው። ኤንኤፍኤል ተጫዋቹን በኮሚሽነሩ የተለየ መዝገብ ውስጥ ያስገባዋል። አይጫወትም፤ ደመወዙ ግን አይቋረጥም። የካሮላይናው ግሬግ ሃርዲ በ2014 ሙሉውን ዘመን ማለት ይቻላል ቤቱ ተቀምጦ 13.1 ሚሊዮን ዶላር ወስዷል። ሲሰሙት ያናድዳል። ሎጂኩ ግን ይገባኛል። ሊጉ ገና አልወሰነም፤ ያልተወሰነበትን ሰው ደመወዝ መቁረጥ ቅጣት ይሆናል።

ቤዝቦልም ተመሳሳይ ነገር አለው። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ተጫዋቹን እስከ ሰባት ቀን ከደመወዝ ጋር ማሳረፍ ይችላል፤ ጊዜው ሊራዘምም ይችላል። በአውስትራሊያ የራግቢ ሊግ ነገሩን ከሰው ውሳኔ አውጥቶታል። ከ2019 ጀምሮ 11 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያሳስር በሚችል ወንጀል የተከሰሰ ተጫዋች፣ ክሱ እስኪያልቅ ማንም ሳይወስን በደንቡ ብቻ ከሜዳ ይወርዳል። ጥፋተኛ ነህ ማለት አይደለም፤ ቁጭ በል ነው። አንድ ተጫዋች ይህን በፍርድ ቤት ተከራክሮ ተሸንፏል። እኔ በግሌ ይህኛውን እመርጣለሁ። ኮከቡም ተቀያሪውም በአንድ ደንብ ይታያሉ።

ማን ነው የሚወስነው?

በኤንኤፍኤል ለረጅም ጊዜ ኮሚሽነሩ ከሳሽም ዳኛም ይግባኝ ሰሚም ነበሩ። የተጫዋቾች ማኅበር ይህን አምርሮ ሲቃወም ኖሯል። የኢዝኪየል ኤሊየት ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። የዳላስ ካውቦይስ ኮከብ ነበር። የቀድሞ ፍቅረኛው መታኝ አለች። የከተማው ዓቃቤ ሕግ የሚጋጭ መረጃ አለ ብሎ ክስ አልመሠረተም። ሊጉ አንድ ዓመት መርምሮ በኦገስት 2017 ስድስት ጨዋታ ቀጣው። ከዚያ የፍርድ ቤት ምልልስ ተጀመረ። አንዱ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ያስቆማል፤ ሌላው እንዲቀጥል ይፈቅዳል። በክርክሩ መሃል አንድ ነገር ወጣ። ሴትየዋን ያነጋገረችው የሊጉ መርማሪ በቃሏ ላይ ጥርጣሬ ስለነበራት ቅጣት አልደገፈችም ነበር። ጉዴል ውሳኔ ለመስጠት ባደረጉት ስብሰባም አልተገኘችም። በመጨረሻ ኤሊየት ደክሞት በኖቬምበር ቅጣቱን ተቀበለ።

የራይስና የኤሊየት ጉዳይ ሲነጻጸር ሊጉ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው መወዛወዙ ይታያል። መጀመሪያ ማየት ያለበትን አላየም። ቀጥሎ ደግሞ የገዛ መርማሪውን አልሰማም።

በ2020ው የኅብረት ስምምነት አንድ ነገር ተቀየረ። የመጀመሪያውን ውሳኔ ሊጉና ማኅበሩ በጋራ የሚሰይሙት ገለልተኛ ዳኛ ይሰጣል። ይግባኙ ግን አሁንም ወደ ኮሚሽነሩ ወይም እሳቸው ወደሚወክሉት ሰው ነው የሚሄደው። ተሻሽሏል፤ ብዙ ግን አይደለም።

ቤዝቦል ሌላ መንገድ ሄደ። በኦገስት 2015 ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ተቀምጠው፣ ተደራድረው፣ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት፣ ስለ ጾታዊ ጥቃትና ስለ ሕጻናት ጥቃት አንድ የጋራ ፖሊሲ ፈረሙ። ለቅጣት ዝቅተኛም ከፍተኛም ጣሪያ የለውም። ኮሚሽነሩ ይወስናል፤ ተጫዋቹ ቅር ካለው ገለልተኛ ገላጋይ ዳኛ ዘንድ ይሄዳል። የፍርድ ቤት ጥፋተኝነት አይጠበቅም። ከቅጣቱ ጎን ለጎን ባለሙያዎች ያሉበት ቦርድ ለተጫዋቹ የሕክምናና የምክር እቅድ ያወጣል።

ማኅበሩ የራሱን ተጫዋቾች የሚያስቀጣ ወረቀት ለምን ፈረመ? ጉዴል ብቻቸውን ያደረጉትን አይቶ ነው ብል ከእውነት የራቅኩ አይመስለኝም። ደንቡ ከላይ ሲወርድ ከመቀበል፣ አብሮ መጻፍ ይሻላል። ውጤቱም ይታያል። የቤዝቦል ቅጣቶች እንደ ኤንኤፍኤል በየፍርድ ቤቱ ሲጎተቱ አላየንም። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ይግባኝ አልልም ብለው ይቀበላሉ።

ገበያው

የመጀመሪያው የቤዝቦል ቅጣት የወደቀው አሮልዲስ ቻፕማን ላይ ነው። በሰዓት ከ100 ማይል በላይ የሚወረውር፣ ሁሉም ክለብ የሚመኘው ሰው። በኦክቶበር 2015 ፍሎሪዳ በሚገኘው ቤቱ ፍቅረኛው አነቀኝ ብላ ለፖሊስ ተናገረች። እሱ ማነቁን ካደ። ጋራዡ ውስጥ ስምንት ጥይት መተኮሱን ግን አልካደም። የምስክሮቹ ቃል ስለተጋጨ ክስ አልተመሠረተም።

በዚያው ሰሞን የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሊወስደው ተስማምቶ ነበር። ወሬው ሲወጣ ተወው። ያንኪስ ገባና በርካሽ ወሰደው። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ብራያን ካሽማን ዋጋው በሁኔታው ምክንያት መቀነሱን አልደበቀም። በማርች 2016 ሊጉ፣ በተለይ ሽጉጡን ጠቅሶ፣ 30 ጨዋታ ቀጣው። በጁላይ ያንኪስ ለቺካጎ ካብስ ሰጥቶት በምላሹ ተስፋ የተጣለባቸው ወጣቶች ተቀበለ። ካብስ በዚያው ዓመት ከ108 ዓመት በኋላ ዋንጫ በላ። በዲሴምበር ቻፕማን ወደ ያንኪስ ተመለሰ፤ በ86 ሚሊዮን ዶላር፣ ለአምስት ዓመት። በጊዜው በእሱ ቦታ ለሚጫወት ሰው ሪከርድ ነበር።

ቅድም ያዙት ያልኩት ይኼ ነው። ሊጉ ይቀጣል፤ ይቅር የሚለው ገበያው ነው። ገበያው ደግሞ የሚያየው ችሎታን ነው። ራይስ እየወረደ የነበረ ሯጭ ነበር። ቻፕማን ከላይ ነበር። ክስ የተሰማበት ጥሩ ተጫዋች ለአንዳንድ ክለብ ቅናሽ የተደረገበት ዕቃ ነው።

የኤንቢኤውን ማይልስ ብሪጅስም ተመልከቱ። በ2022 ጁን ታሠረ። በኖቬምበር ከባድ በሆነ የቤት ውስጥ ጥቃት ክስ አልከራከርም ብሎ የሦስት ዓመት ገደብ ተፈረደበት። ኤንቢኤ 30 ጨዋታ ቀጣው። ያንን ዘመን ሳይጫወት ስላሳለፈ 20ው ታሰበለት። የቀረው አሥር ነው። በ2024 ከሻርሎት ጋር የሦስት ዓመት፣ 75 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ፈረመ።

ሴትየዋ ስትቀር

የነዚህን ጉዳዮች መዝገብ ስታገላብጡ አንድ ዓረፍተ ነገር ይደጋገማል፤ ምስክሯ ስላልተባበረች ክሱ ተቋረጠ። ሆዜ ሬየስ በ2015 በሐዋይ ታሰረ፤ ሚስቱ አልመሰክርም አለች፤ ክሱ ተነሣ። ግሬግ ሃርዲን ዳኛ ጥፋተኛ ብሎት ነበር። በሕጉ መሠረት በሕዝብ ዳኞች ፊት እንዲታይለት ጠየቀ፤ ከሳሿ ሳትቀርብ ቀረች፤ ክሱ ተሰረዘ። ሮቤርቶ ኦሱናን ቶሮንቶ ላይ የከሰሰችው ሴት ሜክሲኮ ሄዳ አልተመለሰችም።

"ካልመሰከረች ውሸት ነበር ማለት ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ገብቶ "በቃ ለልጆቻችሁ ስትሉ" ሲል ሰምቶ የሚያውቅ አበሻ ግን ነገሩ ይገባዋል። ሴት ዝም የምትልበት ምክንያት ብዙ ነው። ትፈራለች። ትወደዋለች። ልጆች አሉ። በስፖርቱ ዓለም ደግሞ ሌላም አለ። አፏን ከከፈተች የቤቱ ገቢ ይቆማል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ደጋፊ "ቡድናችንን አፈረሰች" ብሎ ይዘምትባታል። የራይስ ሚስት ሁለተኛው ቪዲዮ በወጣ ማግስት የተናገረችው ብዙ ሰው አስደንግጧል። የተቆጣችው በባሏ አልነበረም። ሕይወታቸውን በአደባባይ በዘረገፈውና የባሏን ሥራ በነጠቀው ሚዲያና ሕዝብ ነበር።

ቅጣቱ በከበደ ቁጥር ሴቲቱ የመናገር ፍላጎቷ ሊቀንስ ይችላል። በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ ባለሙያዎች "አንድ ጊዜ ከመታ ለዘላለም ይባረር" በሚለው ደንብ የማይስማሙት ለዚህ ነው። ቅጣት ካልከበደ ደግሞ የራይስ ሁለት ጨዋታ ይሆናል። ከዚህ አጣብቂኝ የወጣ ሊግ እስካሁን አላየሁም።

ቢያንስ ቤዝቦል ሴትየዋ ባትመሰክርም ይቀጣል። ሬየስ ክሱ ከተነሣ በኋላ 51 ጨዋታ ታግዷል፤ 100 ሺህ ዶላርም የቤት ውስጥ ጥቃትን ለሚከላከሉ ሥራዎች እንዲሰጥ ተደርጓል። ኦሱና 75 ጨዋታ።

የኦሱና ነገር ግን በዚያ አላበቃም። ቅጣቱን ገና ሳይጨርስ፣ በጁላይ 2018፣ ሂውስተን አስትሮስ አስመጣው። ክለቡ እንዲህ ዓይነት ጥፋትን በፍጹም እንደማይታገሥ እየተናገረ ነው ያስመጣው። በኦክቶበር 2019 አስትሮስ ያንኪስን አሸንፎ ወደ ፍጻሜው አለፈ። በዚያ ምሽት ኦሱና ጥሩ አልነበረም፤ አቻ ያደረገውን ኳስ ያስመታው እሱ ነው። በመልበሻ ክፍል ሲጨፈር ግን የክለቡ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ወደ ሦስት ሴት ጋዜጠኞች ዞሮ ኦሱናን ስላገኘን ፈጣሪ ይመስገን እያለ፣ በስድብ ቃል አጅቦ፣ ደጋግሞ ጮኸባቸው። አንዷ ጋዜጠኛ የቤት ውስጥ ጥቃትን የሚቃወም ሐምራዊ አምባር አድርጋ ነበር። ዜናው ሲወጣ ክለቡ መጀመሪያ ውሸት ነው አለ። ሌሎች ምስክሮች ሲመጡ ሰውየውን አባረረ፤ ይቅርታም ጠየቀ። ክለቦች በመግለጫ የሚናገሩትና በራቸውን ዘግተው የሚናገሩት አንድ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ያሳየኝ ነገር የለም።

ሲደገምስ?

የዶጀርሱ ሁሊዮ ኡሪያስ በ2019 20 ጨዋታ ተቀጥቶ ነበር፤ ክስ አልተመሠረተበትም። በሴፕቴምበር 2023 ሜሲ የተጫወተበትን የኢንተር ማያሚን ጨዋታ ለማየት ሎስ አንጀለስ ስታዲየም ሄዶ፣ ከስታዲየሙ ውጪ ከሚስቱ ጋር በተፈጠረ ነገር ታሠረ። በ2024 በቀላል ወንጀል አልከራከርም ብሎ የ36 ወር ገደብ ተፈረደበት። ሊጉ እስከ 2025 አጋማሽ አገደው። በዚህ ፖሊሲ ሁለት ጊዜ የተቀጣ የመጀመሪያው ተጫዋች ነው። ሁለተኛው ቅጣት ከመጀመሪያው በእጅጉ ይከብዳል። የዕድሜ ልክ ግን አይደለም።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ሊግ

አብዛኛው አንባቢ ቤዝቦል አያይም፤ አውቃለሁ። እሁድ ከሰዓት የሚታየው ፕሪሚየር ሊግ ነው። እዚያ ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ሌላ ነው። እንደ አሜሪካኖቹ ከክለብ በላይ ሆኖ የሚመረምር፣ "ይህን ያህል ጨዋታ" ብሎ የሚቀጣ አሠራር አልነበረም። ኳሱ የክለቡ ሜዳ ውስጥ ነው።

የሜሰን ግሪንዉድን ጉዳይ የማያስታውስ የማንቸስተር ደጋፊ የለም። በጃንዋሪ 2022 የክለቡ አጥቂ አንዲት ሴት ላይ ጥቃት መፈጸሙን ያሳያል የተባለ ፎቶና ድምፅ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣ፤ ታሠረ። ክለቡ በዚያው ቀን አገደው። በኋላ የአስገድዶ መድፈር ሙከራን፣ ድብደባንና በማስገደድ መቆጣጠርን የሚያካትት ክስ ተመሠረተበት። እሱ ካደ። በፌብሩዋሪ 2023 ዋና ምስክሮች ራሳቸውን ከጉዳዩ ስላወጡና አዲስ ነገር ስለወጣ ዓቃቤ ሕግ ክሱን አቋረጠ።

ከዚያ ማንቸስተር ዩናይትድ ራሱ መርማሪ ሆነ። ወራት ፈጀ። ክለቡ ሊመልሰው እንዳሰበ ሲወራ ደጋፊዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ተቃወሙ። በኦገስት 2023 ውሳኔው ወጣ። ክለቡ በድረ ገጽ የወጣው ነገር ሙሉ እውነቱን እንደማያሳይና ግሪንዉድ መጀመሪያ የተከሰሰባቸውን ወንጀሎች እንዳልፈጸመ መደምደሙን ገለጸ። በዚያው መግለጫ ደግሞ ሥራውን ሌላ ቦታ ቢቀጥል ይሻላል አለ። አልሠራም ካላችሁ ለምን ታስወጡታላችሁ? ሠርቷል ካላችሁስ ለምን አልሠራም አላችሁ? ማስረጃው በሙሉ በክለቡ እጅ ነው፤ የወሰነውም ተጫዋቹን የሚሸጠው ክለብ ነው። ገለልተኛ ዳኛ የለም፤ ይግባኝ የለም። ለግሪንዉድም ቢሆን ስሙን በሙሉ የሚያጠራለት ሰው አልነበረም።

በውሰት ወደ ስፔኑ ጌታፌ ሄደ። በጁላይ 2024 ማርሴይ ሊገዛው ሲል የከተማዋ ከንቲባ ቤኖዋ ፓያን በይፋ ተቃወሙ። ክለቡ አስፈረመው። በመጀመሪያው ዘመኑ በፈረንሳይ ሊግ 21 ጎል አገባ፤ ከኡስማን ዴምቤሌ ጋር እኩል የኮከብ ግብ አግቢነቱን ሰንጠረዥ መራ።